የማይከፋፈለው ቀበሌ

እያንዳንዱ ቀበሌ የሚታወቅበት ነገር አለው። አንዱ በጠላው ይታወቃል፣ አንዱ በጭቃው፣ አንዱ በሌቦቹ። በአዘዞ በኩል የሚገኘው፣ ለክብሩ ሲባል ስሙን የማንጠራው ቀበሌ ግን የታወቀው በቁጥር ነው። ቁጥሩ አሥር ሺህ ሰባት ይባላል። ሲያነቡት ቀና ብለው ቢያነቡት፣ ኮፍያ ያደረገም ቢያወልቅ ይመረጣል።

ሰርካለም ይህን ሁሉ ክብር አታውቅም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመጣችው ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ነው። በባለሱቋ በእትዬ ራቢዓ ቤት እየሠራች ሁለት ዓመት ከርማለች። የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መታወቂያ። መታወቂያ ከሌለ መንጃ ፈቃድ የለም፣ መንጃ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ባጃጅ የለም።

ባጃጇስ አለች። ከሱቁ ጓሮ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። የእትዬ ራቢዓ ልጅ ያሕያ ወደ መተማ ለንግድ ሲሄድ የተዋት ናት። ከመሄዱ በፊት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሰርካለምን መንዳት አስተምሯታል፤ አንዲት ላም ከማስደንገጧ በቀር ያጠፋችው ነገር የለም።

«ረመዳን ሳይገባ መታወቂያሽን ይዘሽ ለመንጃ ፈቃድ ተመዝገቢ» አሏት እትዬ ራቢዓ። «ከተመዘገብሽ ባጃጇ ባንቺ እጅ ናት፤ እየሠራሽ ትከፍይኛለሽ። ካልሆነ ወላሂ ለጭልጋው ሰውዬ ነው የምሸጣት። ብረት ቆሞ ሲዝግ እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ምን ችግር አለው እትዬ! መታወቂያ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለች ሰርካለም። ገና ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። ሀገሯ ሄዳ፣ ሁለት ወር ደጅ ጠንታ መሸኛዋን አስጽፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

እሷ ሀገሯ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ቀበሌው ታሪክ ሠርቶ ጠበቃት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከበላይ አካል አንድ አቅጣጫ ወረደ። የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል፣ አንድም ሰው ሳይተርፍ እኩል እኩል በቡድን እንዲደራጅ የሚል ነው። ለምን እንደሚደራጅ በሌላ አቅጣጫ ይገለጻል ተብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ እንዳልካቸው ደግሞ አቅጣጫ ሲወርድ ዣንጥላ የሚይዙ ሰው አይደሉም፤ ሙሉ በሙሉ ይበሰብሱለታል። ነዋሪውን አስቆጠሩ፤ አሥር ሺህ ሰባት ሆነ። በአምስት በአምስት ከፈሉት። ሁለት ሰው ተረፈ።

የተረፉት አያ ዳኛውና ጎረቤታቸው እንኳየሁ ነበሩ።

«በሰማንያ ዓመቴ ትርፍ ልባል?» አሉ አያ ዳኛው በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ። «ምነው? ከማን አንሼ?»

ስህተቱ እንዲታረም በሰባት በሰባት ተሞከረ፤ አራት ተረፈ። በአሥራ አንድ ሲሞከር ስምንት ተረፈ። በአሥራ ሦስት ሲሞከር አሥር። ሥራው በተጠናከረ ቁጥር ትርፉም ተጠናከረ። በመጨረሻ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ችግሩ በጥልቀት ታይቶ፣ ቁጥሩ የአመለካከት ችግር እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ቁጥሩን መክረው እንዲመልሱ የተጠሩት መምህር ወንዴ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ። በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ ከተማሪዎቻቸው የሰሙት ጥያቄ «ፈተናው ላይ ይወጣል?» የሚለውን ብቻ ነበርና፣ አንድ ሙሉ ኮሚቴ ስለ ቁጥር ሲጠይቃቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ክቡራን» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ሊከፍለው የሚችል የለም።»

«ምንም?» አሉ አቶ እንዳልካቸው።

«ምንም።»

«ዞኑስ?»

«ዞኑም አይከፍለው።»

«ክልሉ?»

«አቶ እንዳልካቸው፣ ከመቶ በታች ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞክሬዋለሁ፤ እምቢ ብሏል። ከመቶ በላይ መድከም አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ከፋይ ቢኖረው ከመቶ ያነሰ ጓደኛ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ጓደኛውን ደግሞ ፈልገን አጥተነዋል።»

 አቶ እንዳልካቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ታላላቅ ሐሳቦች የሚመጡት ሰው ወንበሩን ሊያጣ ሲል ነው፤ አቅጣጫው አልተፈጸመም ቢባል ወንበሩ መሄዱ ነበር።

«ወገኖቼ» አሉ። «እኛ እኮ አልተሳሳትንም! የማይከፋፈል ሕዝብ ስለሆንን ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። በማግስቱ ከቀበሌው በር በላይ «አሥር ሺህ ሰባት ሆነን አንከፋፈልም!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ገምጋሚዎች መጥተው አዩ፣ ተደነቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ዋንጫ ሰጡ። የመደራጀቱ ሥራ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ዋንጫ ይዞ የቆመን ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነው።

ክብር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቁጥር ጠባቂ ኮሚቴ ተቋቋመና መመሪያ አወጣ። አቶ እንዳልካቸው ፈረሙበት፣ ማኅተም ተመታበት፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከእንግዲህ መወለድ፣ መሞት፣ መግባትና መውጣት ለጊዜው ቆመዋል። ነዋሪው መሞቱን በእርግጥ አላቆመም፤ ግን ሞቶም አይሰረዝም። ባለፈው ወር የተቀበሩት አንድ አዛውንት እስከ ዛሬ ድረስ ከቀበሌው ንቁ ነዋሪዎች አንዱ ናቸው። እንዲያውም ከስብሰባ ቀርተዋል ተብለው አንድ ጊዜ ተገሥጸዋል።

ሰርካለም ፌስታሏን ይዛ መስኮቱ ላይ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ መዝገብ የምትይዘው ጽጌሬዳ ተቀምጣለች። ጽጌሬዳ ሳትስቅ የምትናገር፣ ሳታዝን የምትመልስ ሴት ናት።

«አይቻልም» አለቻት መሸኛውን እንኳ ሳትቀበላት።

«ምኑ?»

«አንቺ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«አሥር ሺህ ስምንተኛ ሆንሽ። አሥር ሺህ ስምንት ደግሞ ተካፋይ ነው።»

ሰርካለም ሳቀች። ጽጌሬዳ አልሳቀችም። ሰርካለምም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባች። ዋንጫው ጠረጴዛው መሀል ቆሟል፤ አቶ እንዳልካቸው ከዋንጫው በስተኋላ በከፊል ይታያሉ።

«ስሚ ልጄ» አሉ በአባትነት። «በግል ባንቺ ላይ ጥላቻ የለኝም። ግን አንቺን ስጨምር ይህ ሕዝብ በሁለት ይከፈላል። በሁለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሦስት ይከፈላል፣ በአራት ይከፈላል፣ በስድስት፣ በስምንት፣ በዘጠኝ… ደሙ ባንቺ እጅ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ ባጃጅ ልንዳ ነው ያልኩት ጋሼ።»

«ሁሉም የሚጀምረው እንዲህ ነው» አሉ አቶ እንዳልካቸው፤ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌላ ቀበሌ እንዳትሄድ መሸኛው የተጻፈው ለዚህኛው ነው። የሞተ ሰው ቦታ እንዳትጠይቅ የሞተ ሰው የለም። ሰርካለም ግን እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ ልጅ አይደለችም፤ ቀጥታ መምህር ወንዴ ቤት ሄዳ በሩን ደበደበች። ጉዳዩን ስትነግራቸው አልተቆጡም፤ ፊታቸው በራ።

«አሥር ሺህ ስምንት በእርግጥ የተናቀ ቁጥር ነው» አሉ። «ግን አሥር ሺህ ዘጠኝ! አሥር ሺህ ዘጠኝ እኮ ብቸኛ ነው። ከአሥር ሺህ ሰባት ጋር መንታ ናቸው። ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች በመሀላቸው አንድ ቁጥር ብቻ ሲኖር መንታ ይባላሉ።»

«እና ለኔ ምን ይጠቅመኛል?»

«ለብቻሽ አትሂጂ። ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ቀበሌው ሳይከፋፈል ያድራል። የሚገርምሽ፣ እንዲህ ያሉ መንታዎች ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው በዓለም ላይ እስካሁን የሚያውቅ ሰው የለም።»

«አንድም?»

«አንድም! ስንት ሊቅ ተጨንቆበታል፤ ገና እየታየ ነው።»

«ገና እየታየ ነው ካሉማ እነሱም ቀበሌ ናቸው» አለች ሰርካለምና ሁለተኛ ሰው ፍለጋ ወጣች።

ሩቅ አልሄደችም። የእትዬ ራቢዓ የወንድም ልጅ ኡዘይር ከዛሪማ ሱቅ ሊከፍት መጥቶ መሸኛው ኪሱ ውስጥ እያረጀ ነበር። ጎን ለጎን ሆነው ቀበሌ ሄዱ፤ ፎቶ እንደሚነሡ ሙሽሮች ተደጋግፈው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ሁለት ነን» አለች ሰርካለም።

ጽጌሬዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ተነሥታ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። «ሊቀመንበሩ ሐሳቡ የሚደነቅ ነው ብለዋል። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጥበታል።»

«ዛሬ አይቀመጥም? ዛሬ ምን እየሠራ ነው?»

«ዛሬ ቆሟል» አለች ጽጌሬዳ።

ሰኞ ሲመጡ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ለስላሳ ይታደላል። የአቶ እንዳልካቸው ባለቤት ቅዳሜ ተገላግላለች። መንታ! አቶ እንዳልካቸው እጃቸውን ዘርግተው ንግግር ላይ ናቸው።

«…ከዚህ አኳያ ቤተሰቤ ለቀበሌው ያለውን ቁርጠኝነት በተግባር አሳይቷል! አንድ ብንወልድ ኖሮ እንከፋፈል ነበር። ሁለት ወለድን፤ አሥር ሺህ ዘጠኝ ሆንን፤ ዛሬም አንከፋፈልም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ኡዘይር አላጨበጨበም።

«ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ልጆቹ መንታ መሆናቸውን ያውቅ ነበር?» አላት በሹክሹክታ።

«ሐኪም ቤት ከሁለት ወር በፊት በማሽን አይተው ነግረዋቸዋል» አለች ጽጌሬዳ ከኋላቸው፤ ለስላሳዋን ጠጣች።

ሰርካለም ድንኳኑን ሰንጥቃ አለፈችና ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች። «እንኳን ማርያም ማረችልዎ። እኛስ?»

«እናንተማ ተስፋ አላችሁ!» አሉ አቶ እንዳልካቸው፤ ደስታቸው ለሁሉም የሚበቃ ነበር። «መምህር ወንዴን ጠይቄያለሁ። ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር አሥር ሺህ ሠላሳ ሰባት ነው። ሃያ ስምንት ሆናችሁ ኑ።»

«ሃያ ስምንት?»

«ሃያ ሰባት እንዳትሆኑ። በአንድ ካጎደላችሁ ዋጋ የለውም።»

ኡዘይር በዚያው ቀን ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ዛሪማ ተመለሰ። አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪና እስኪያገኝ ድረስ የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም፤ መንታዎቹ ገና ክርስትና አልተነሡም። እንደነሱ መታወቂያ ፈልገው ደጅ የሚጠኑት ሌሎቹም ተስፋ ቆርጠው ወደየመጡበት ተበተኑ። ሰርካለም ብቻ ቀረች። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ትቆማለች፣ «ዛሬስ ስንት ነን?» ትላለች፣ ጽጌሬዳም «ያው ነን» ትላታለች፣ ትመለሳለች። ረመዳን ግን ኮሚቴ አይጠብቅም፤ ጨረቃዋ እየቀረበች ነው።

የአቶ እንዳልካቸው ዝና ሳይውል ሳያድር ከፍ ያለ ቦታ ደረሰ። ይህን የመሰለ ተሞክሮ በአንድ ቀበሌ ታፍኖ መቅረት የለበትም ተባለ። ተሞክሮው ተቀምሮ በጥራዝ ታተመና ለየቀበሌው ታደለ። የተሞክሮው ባለቤት አቶ እንዳልካቸው ደግሞ ከተማው መሀል ላለ፣ ሕንፃው ፎቅ ለሆነ፣ ወንበሩ ለሚሽከረከር ትልቅ ቀበሌ ሊቀመንበር ሆነው ተመደቡ። ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። ለሹመቱ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የዚያ ቀበሌ ነዋሪ መሆን። ባለቤታቸው ገና አራስ ስለሆነች እሷና ልጆቹ ይቆያሉ፤ እሳቸው ቀድመው ይሄዳሉ።

እየተፍለቀለቁ መስኮቱ ላይ መጡ። ሊቀመንበር በመስኮት በኩል ሲመጣ ጽጌሬዳ ያየችው ያን ቀን ነው።

«መሸኛ ጻፊልኝ።»

«አይቻልም ጌታዬ።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«አይቻለሁ። እርስዎ ሲወጡ አሥር ሺህ ስምንት እንሆናለን።» ግድግዳውን በእስክሪብቶዋ ጠቆመቻቸው። «መውጣት ቆሟል ይላል። ፊርማው የርስዎ ነው፣ ያምራል።»

«መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ለዚህም ነው የሚከበረው። በርስዎ ቦታ አንድ ሰው ከገባ ግን ቁጥሩ አይነቃነቅም፤ መጻፍ እችላለሁ።»

አቶ እንዳልካቸው ወደ ደጁ ዞሩ። ያ ሁሉ ደጅ ጠኚ የለም። አንድ ውሻ ብቻ ተኝቷል።

«ያቺ ምላሳሟ ልጅስ?» አሉ።

«ዛሬ አልመጣችም። ባጃጇ ልትሸጥ ነው አሉ» አለች ጽጌሬዳ።

እውነቷን ነው። በዚያች ሰዓት ከእትዬ ራቢዓ ጓሮ ላስቲኩ ተገፎ የጭልጋው ሰውዬ ጎማዋን በእግሩ እየረገጠ ይፈትሻል። ሰርካለም ግንቡን ተደግፋ ቆማ ታያለች። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነክሳለች።

«ሸጋ ናት» አለ ሰውዬው። «እወስዳታለሁ።»

እትዬ ራቢዓ ወደ ሰርካለም ሳያዩ «ይሁን እንግዲህ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የጓሮው በር ተበረገደ። አቶ እንዳልካቸው ናቸው፤ ክራቫታቸው ወደ ጀርባቸው ዞሮ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ።

«ሰርኬ! ሰርኬ እህቴ! የት ጠፋሽ?»

ሰርካለም ግራ ቀኝ አየች፤ ሌላ ሰርኬ ያለች መስሏታል። «እኔን ነው?»

«መታወቂያሽ ደርሷል። አሁኑኑ ነይ።»

«ቁጥሩስ?»

«እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ ትገቢያለሽ። ያው ነን።»

ሰርካለም ነገሩ ገባት። ሲገባት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ ከከንፈሯ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ድረስ ፈገግታ ሆኖ። ግንቡን ለቀቀችና ክንዷን አጣጥፋ ቆመች።

«ሐሳቡ የሚደነቅ ነው ጋሼ። ግን ከባድ ጉዳይ ነው፣ ለብቻዬ አልወስንም። ሰኞ ከእትዬ ጋር ኮሚቴ እንቀመጥበታለን።»

«ሰኞ ሥራ የምጀምርበት ቀን ነው!»

«ታዲያ ቢያንስ ሃያ ስምንት ሆነው ይምጡና ይለምኑኝ።»

«ሰርካለም!» አሉ እትዬ ራቢዓ፤ ግን ሳቃቸው ቀድሟቸው ወጣ። «ተይው ልጄ፣ ሰውዬው ሊወድቅ ነው። ሂጂ።» ወደ ጭልጋው ሰው ዞሩ። «አንተም እግርህን ከጎማው ላይ አንሣ። የሰው ንብረት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጽጌሬዳ በአንድ እጇ የአቶ እንዳልካቸውን መሸኛ፣ በሌላው የሰርካለምን መታወቂያ በመስኮቱ አወጣች። ሁለቱም እኩል ተቀበሉ፤ ቁጥሩ ለአንዲት ሴኮንድ እንኳ ሳይከፋፈል ዋለ። ሰርካለም በዚያው ቀን ለመንጃ ፈቃድ ተመዘገበች። ሠለጠነች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። ላም የሚባል ነገር አጠገቧ አልደረሰም።

ሥራ በጀመረችበት ሳምንት፣ ከተማው መሀል፣ ከዚያ ፎቅ ቀበሌ ፊት ለፊት ስታልፍ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ቆሞ አየች። ፀሐይ መትቶታል። በእጁ በላብ የራሰ ወረቀት ይዟል። ፍሬን ያዘች።

«ጋሼ እንዳልካቸው? እዚህ ምን ያቆምዎታል? ወንበሩ ላይ አይደሉም እንዴ?»

«አላስገቡኝም» አሉ።

«ማን?»

«ምክትሉ። ጥራዜን አንብቦታል፤ ከዳር እስከ ዳር አስምሮበታል። አሥራ ሁለት ሺህ ሰባት ነን፣ አንከፋፈልም አለኝ። ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ያውልሽ።» ወረቀታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። «መምህር ወንዴን ጠየቅሁ። ያኛው ቁጥር መንታ እንኳ የለውም። ጓደኛ ይዤ ብመጣም አይሆንም።»

«ታዲያ አዘዞ ይመለሱ።»

«ከዚያ ወጥቻለሁ እኮ። ልጆቼን ጠዋት ሄጄ አያቸዋለሁ፤ ከመሸ ግን የቀበሌው ጥበቃ ነዋሪ አይደሉም ይለኛል። በሁለቱም መዝገብ የለሁም።»

ሰርካለም ከራስ እስከ እግር አየቻቸው። ልትናገረው ያሰበችው ነገር ብዙ ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከኋላዋ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋባት። ሞተሯን አስነሣች።

«ይግቡ» አለቻቸው። «ባጃጅ ላይ መታወቂያ አይጠየቅም።»